የአንድን ሰፈር ሕዝብና ኑሮ እንዴት መመዝገብ ይቻላል? በአቃቂ ምሳሌ

ይህ መመሪያ የሰፈራቸውን የሕዝብ ብዛትና የኑሮ ሁኔታ መዝግበው ለወረዳ፣ ለውኃና ፍሳሽ ወይም ለለጋሽ ድርጅት ማቅረብ ለሚፈልጉ የእድር ኮሚቴዎች፣ የወጣት ማኅበራትና ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ከአቃቂ በሰቃና ከአካባቢዋ የተወሰዱ ቢሆኑም አሠራሩ ለኮተቤ፣ ለአስኮ ወይም ለጀሞም ያገለግላል። አቃቂን የመረጥነው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ሁሉንም ዓይነት ቤት ስለምታሳይ ነው። ከድሮው ባቡር ዘመን የቀረ የጭቃ ቤት አለ፣ የቀበሌ ቤት አለ፣ በፋብሪካ ሠራተኛ የተሞላ የሰርቪስ ቤት ረድፍ አለ፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ይጀምራል፣ ከሱ ጀርባ የገበሬው ጤፍ ማሳ።

ኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች አካሂዳለች፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሰጣችሁ የሕዝብ ቁጥር ወይ የ1999ኙ ነው፣ ወይ ከሱ ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ነው። መሀል ፒያሳ ላይ ትንበያው ብዙም ላያሳስት ይችላል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ግን በ1999 የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አልነበረባቸውም፤ እዚያ አሮጌ ቁጥር ይዞ ቦኖ ወይም ትምህርት ቤት ማቀድ ዋጋ የለውም።

ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ ቁርጥ አድርጉ

የሚበላሽ ቆጠራ የሚበላሸው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በር ላይ ነው። አንድ መዝጋቢ ግቢውን እንደ አንድ ቤተሰብ፣ ሌላው እያንዳንዱን በር እንደ አንድ ቤተሰብ፣ ሦስተኛው ደግሞ የመብራት ቆጣሪ እያየ ከመዘገበ የሦስቱ ወረቀት አይደመርም። በኋላም ማረም አይቻልም። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ 662,728 ቤተሰብ በ628,984 መኖሪያ ቤት ይኖር ነበር። ቤት ብቻ የቆጠረ ሰው ከ33 ሺህ በላይ ቤተሰብ ይጎድልበት ነበር ማለት ነው። በከተማ ዳር ሰርቪስ ቤት በበዛበት ሰፈር ጉድለቱ ከዚህም ይብሳል።

የሚሠራበት ትርጓሜ ቀላል ነው። በአንድ መኖሪያ አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማጀት የሚመገቡ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዝምድና አይጠየቅም። ብቻውን የሚኖርና ለራሱ የሚያበስል ሰውም አንድ ቤተሰብ ነው። በር ላይ የሚለየው ጥያቄ «አስቤዛ የምትገዙት አብራችሁ ነው?» የሚለው ነው። «ኪራዩን አብራችሁ ነው የምትከፍሉት?» ብሎ መጠየቅ ያሳስታል፤ ኪራይ ተጋርተው ምግብ የሚለያዩ ደባሎች ብዙ ናቸው።

በአቃቂ የተለመደውን ዓይነት ግቢ ውሰዱ። ከፊት ባለ 4 ክፍል ዋና ቤት፣ መንገድ ዳር አንዲት ሱቅ፣ ከኋላ በረድፍ 4 ሰርቪስ ክፍሎች፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ የቤት ቁጥር። በዋናው ቤት ባለቤቶቹ ከልጆቻቸው ጋር 5 ናቸው። ዓመት የቆየች የቤት ሠራተኛ አለች፤ ከዚያው ማጀት ስለምትበላ የዚያ ቤተሰብ አባል ሆና 6ኛ ትሆናለች። ሱቅ ውስጥ የሚያድረው ልጅም ምሳና ራቱ ከዋናው ቤት ከሆነ 7ኛ ነው። በመጀመሪያው ሰርቪስ 3 የፋብሪካ ሠራተኞች አዋጥተው ያበስላሉ፤ 1 ቤተሰብ፣ 3 ሰው። በሁለተኛው ከአንድ አገር የመጡ ሁለት ሴቶች ክፍሉን ተጋርተው ምግቡን ለየብቻ ያበስላሉ፤ 2 ቤተሰብ፣ 2 ሰው። በሦስተኛው ባልና ሚስት ከሕፃን ጋር፤ 1 ቤተሰብ፣ 3 ሰው። አራተኛው ተቆልፏል፤ ጎረቤት «አንድ ሹፌር ነው፣ ማታ ይገባል» ይላችኋል። ማታ ተመልሳችሁ ስታገኙት ግቢው 6 ቤተሰብና 16 ሰው ሆኖ ይዘጋል። በቆጣሪ ወይም በቤት ቁጥር ለቆጠረ ሰው ግን ይህ ሁሉ 1 ነው።

ሁለተኛው መስመር የሚሰመረው ነዋሪ ማን እንደሆነ ላይ ነው። ላለፉት 6 ወራት እዚያ የኖረ፣ ወይም 6 ወርና ከዚያ በላይ ለመኖር አስቦ የመጣ ሰው ይቆጠራል። አረብ አገር ያለች ልጅ አትቆጠርም፤ የምትልከው ገንዘብ ግን በኑሮው ክፍል ይመዘገባል። ዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚያድር ተማሪም አይቆጠርም። የጅቡቲ መስመር ሹፌር መንገድ ላይ ቢያድርም ቤቱ እዚህ ከሆነ ይቆጠራል። በጅምር ሕንፃ ላይ የሚያድሩ ዘበኞችና የቀን ሠራተኞች የሚቆጠሩት እዚያው ነው፤ ስለዚህ «ሰው የለበትም» የተባለ ጅምር ሁሉ ይታይ።

ለሁሉም መዝጋቢ አንድ የመነሻ ሌሊት ስጡ። «ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት የዚህ ቤተሰብ አባል የነበረው ማን ነው?» ይባላል። ከዚያ ሌሊት በኋላ የተወለደ አይገባም፤ ከዚያ ወዲህ ያረፈ ግን ይገባል። ይህ ከሌለ በ3 ሳምንት ሥራ ውስጥ ቤት የለወጠ ተከራይ ሁለቴ ይቆጠራል ወይም ጭራሽ ይቀራል።

ወሩ

ኅዳር ይሻላል። ዝናቡ አልቋል፣ ተማሪ ትምህርት ላይ ነው፣ ለመስቀል አገር ቤት የገባውም ተመልሷል። በመስቀል ሰሞን አንዳንዱ የሰርቪስ ረድፍ ከነአካቴው ይዘጋል፤ በዚያ ሳምንት የቆጠረ የተከራዩን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ይወጣል። ክረምት ደግሞ ከአስፋልት በወጣ ሰፈር ጭቃው መዝጋቢውን ያሰንፈዋል። የሚዘለሉት ቤቶች ጭቃው የከፋባቸው ይሆናሉ፤ ውጤቱም ሰፈሩን ከእውነቱ የተሻለ አድርጎ ያሳያል።

ፈቃድና የበር ላይ ንግግር

ይፋ የሕዝብ ቆጠራ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ የሰፈር መረጃ ማሰባሰብ ስለሆነ በዚያው ስም ጥሩት፤ «ሕዝብ ቆጠራ» የሚል ባጅ አታድርጉ። ከወረዳው ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ለእያንዳንዱ መዝጋቢም ኮፒ ስጡ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ወይም ሰብሳቢ አንድ እሑድ ቀድሞ ቢናገር ከደብዳቤው በላይ ይሠራል።

በከተማ ዳር ሰው በሩን የሚዘጋበት ምክንያት በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ማፍረስ ነው። በር ላይ በቀለም ወይም በጠመኔ ምልክት ማድረግ የሚፈርስ ቤት ምልክት ይመስላል፤ የቆጠራ መጻሕፍት በር ላይ ቁጥር ጻፉ ቢሉም እዚህ አታድርጉት። ቁጥሩን በካርታችሁ ላይ ብቻ ያዙ። ሁለተኛው የኪራይ ግብር ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ የኪራይ ውል መመዝገብ ግዴታ ስለሆነ፣ ውል ያላስመዘገበ አከራይ «ሰርቪሱ ባዶ ነው» ወይም «የእህቴ ልጆች ናቸው» ይላል። አትከራከሩት። ከአከራዩ የምትወስዱት የበሩን ብዛት ብቻ ነው፤ ስለ ተከራዩ የሚጠየቀው ተከራዩ ራሱ ነው።

በር ላይ የሚባለው አጭር ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ እማማ፤ ከእድሩ ኮሚቴ ነው የመጣነው። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ውኃና መብራት እንዴት እንደሆነ እየመዘገብን ነው። ስም አንጽፍም፣ የካርታ ጉዳይ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ይፈጅብናል፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ።» ይህን ካላችሁ በኋላ ቃላችሁን ጠብቁ። «የይዞታ ካርታ አለዎት?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ውስጥ ካስገባችሁ ቀሪው መልስ ሁሉ ይበላሻል። እኛ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ እንመክራለን፤ ጨረቃ ቤት ስንት እንደሆነ ማወቅ ለቦኖና ለሽንት ቤት እቅድ አይጨምርም።

ካርታና የበር ዝርዝር

ከሳተላይት ምስል ላይ ሰፈሩን በኤ4 ወረቀት አትሙ። ድንበሩን ወንዝ፣ አስፋልት፣ የባቡር ሐዲድ ወይም የፋብሪካ አጥር አድርጉት፤ በዓይን የማይታይ የቀጠና ወሰን መዝጋቢዎችን ያጋጫል። አካባቢውን ከ80 እስከ 120 ቤተሰብ በሚይዙ ክፍሎች ከፋፍሉ። ከአንድ ጥግ ተነሥታችሁ ግድግዳውን ሁልጊዜ በቀኝ እጃችሁ በኩል እያደረጋችሁ ዙሩ። ቅያስ ሲያጋጥማችሁ ግቡ፣ በሌላው ወገን ተመለሱ። ይህን ያልጠበቀ ቡድን ከዋናው መንገድ የማይታዩ የጓሮ ቤቶችን ይዘላል፤ የሚዘለሉት ደግሞ ሁልጊዜ የድሆቹ ናቸው።

በየግቢው የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ የግቢ ተራ ቁጥር፣ የበር ብዛት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ በየቤተሰቡ የሰው ብዛት፣ የተዘጋ በር ካለ የሚመለሱበት ሰዓት። ሁለት ሆነው የሚዞሩ መዝጋቢዎች በቀን ከ60 እስከ 80 ቤተሰብ ይዘረዝራሉ። የእድር መዝገብን ለማነጻጸሪያ ተጠቀሙበት እንጂ በዝርዝሩ ቦታ አትተኩት። ተከራይ እድር ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የወጣ አባል ደግሞ እየከፈለ ስሙ እዚያው ይኖራል።

ሁሉንም ወይስ ናሙና?

ከ400 ቤተሰብ በታች ከሆነ ሁሉንም ጠይቁ፤ ናሙና ለመውሰድ የሚደረገው ጥንቃቄ ከትርፉ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ለ95 በመቶ እርግጠኝነትና ለ5 በመቶ የስህተት ጠርዝ (ውጤቱ ከእውነቱ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ) መነሻው 384 ቤተሰብ ነው። ይህ ለትልቅ ሕዝብ የሚሆን ቁጥር ስለሆነ ለሰፈር ይቀነሳል። በዝርዝራችሁ 800 ቤተሰብ ካለ 384ን ለ800 አካፍላችሁ 1 ጨምሩበት፣ 1.48 ይሆናል። 384ን ለ1.48 ስታካፍሉ ወደ 260 ይመጣል። 800ን ለ260 ስታካፍሉ ክፍተቱ 3 ነው። ከ1 እስከ 3 በዕጣ አንዱን አውጡ፣ ከሱ ጀምራችሁ በየ3ኛው ውሰዱ፤ 266 ወይም 267 ቤተሰብ ታገኛላችሁ።

ወጥመዱ ያለው ክፍተቱ ከግቢው አሠራር ጋር ሲገጥም ነው። ዝርዝሩ በግቢ ቅደም ተከተል ተጽፎ፣ አብዛኛው ግቢ አንድ ባለቤትና 3 ሰርቪስ ቢኖረው፣ ክፍተቱም 4 ቢሆን፣ ዕጣው በመጀመሪያ ባለቤት ላይ ከወደቀ እስከ መጨረሻው ባለቤት በባለቤት ይሆናል። እንዲህ ካያችሁ ዝርዝሩን ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ባለቤቶችን ለብቻ፣ ተከራዮችን ለብቻ አድርጋችሁ ከየዝርዝሩ በተመሳሳይ ክፍተት አውጡ።

በናሙናው የወጣ ቤት ተዘግቶ ከተገኘ ቤት ውስጥ ባለ ጎረቤት አትተኩት። ቀን ቤት የሚገኘው ጡረተኛ፣ የቤት እመቤትና ሥራ ያጣ ሰው ነው። በመተካት የተሞላ ቅጽ የሰፈሩን ሥራ አጥነት ከፍ፣ የተከራዩን ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል። በተለያየ ሰዓት 3 ጊዜ ተመለሱ፦ በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከ5 ሰዓት ጀምሮ። የፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ስለሚሠራ የሌሊት ተረኛው ከሰዓት በኋላ ነው የሚገኘው፤ ጠዋት ብታንኳኩ ትቀሰቅሱታላችሁ፣ መልሱም እንደዚያው ይሆናል።

ጥሩ መዝጋቢ በቀን ከ10 እስከ 12 ቤተሰብ ይጨርሳል። 20 ጨርሶ የመጣ ካለ ወረቀቱን ሻይ ቤት እንደሞላው ጠርጥሩ። በአቃቂ ዙሪያ ከቡድኑ ቢያንስ አንዱ አፋን ኦሮሞ የሚችል መሆን አለበት። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ገቢና ስለ ሽንት ቤት መጠየቅ መልስ አያመጣም።

ዕድሜ

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀላል የሚመስለውና በጣም የሚበላሸው ይህ ነው። ብዙ ሰው «ወደ 40 ይሆነኛል» ይላል፣ መዝጋቢውም 40 ብሎ ይጽፋል፤ ሰፈሩ በ30፣ 35፣ 40 እና 45 ዓመት ሰዎች የተሞላ ይመስላል። መጀመሪያ መታወቂያ ወይም የክትባት ካርድ ጠይቁ። ከሌለ ዓመተ ምሕረት ጠይቁ። እሱም ከጠፋ በታወቁ ጊዜያት ወስኑ፦ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 1967፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 1983፣ የኤርትራ ጦርነት የተጀመረበት 1990፣ ሚሊኒየም መስከረም 2000፣ የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለበት መጋቢት 2003፣ የቃሊቲው ባቡር ሥራ የጀመረበት መስከረም 2008፣ ኮሮና የገባበት መጋቢት 2012።

«50 ገደማ» ያለች ሴት «ኢሕአዴግ ሲገባ 4ኛ ክፍል ነበርኩ፣ በ7 ዓመቴ ነው የገባሁት፣ አልወደቅኩም» ካለች ያኔ 10 ወይም 11 ዓመቷ ነበር። ልደቷ 1972 አካባቢ ይውላል፤ በ2018 ዓ.ም. 45 ወይም 46 እንጂ 50 አይደለችም። ይህ 2 ደቂቃ ይወስዳል፣ ዕድሜ ደግሞ የሁሉም ሰንጠረዥ መሠረት ስለሆነ ደቂቃው አይባክንም።

ለሕፃናት የሚጻፈው የሞላ ዓመት ነው። እናት «አምስት ዓመት ገባው» ስትል 4 ሞልቶት 5ኛውን ጀምሯል ማለቷ ነው፤ 5 ብሎ የጻፈ መዝጋቢ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ያሳንሳል። ክርስትና ያልተነሣ ጨቅላ ደግሞ ገና ስም ስለሌለው ይረሳል። «ገና ከቤት ያልወጣ አራስ ልጅ አለ?» ብሎ ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚረሱት የቤት ሠራተኞች ናቸው። አባወራው «እኛ 5 ነን» ብሎ ሲጨርስ «ሥራ የምታግዛችሁ ልጅ አለች? እዚሁ ታድራለች?» በሉ።

የኑሮው ክፍል

«ውኃ አላችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም። መልሱ ሁልጊዜ «አለ፣ ግን አይመጣም» ነው። በዚህ ፋንታ «ትናንት የጠጣችሁት ውኃ ከየት መጣ?» በሉ፤ ከግቢ ቧንቧ፣ ከጎረቤት፣ ከቦኖ፣ በጋሪ ከሚሸጥ፣ ከሮቶ። ቀጥሎ «ባለፉት 7 ቀናት ቧንቧው ስንት ቀን መጣ?» እና ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ቀድቶ ለመመለስ የሚፈጀው ደቂቃ። በዓለም አቀፉ መለኪያ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ ከበለጠ ምንጩ ንጹሕ ቢሆንም አገልግሎቱ ውስን ይባላል። መጠኑን በጀሪካን ጠይቁ። 4 ሰው ያለበት ቤት በቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5 ከተጠቀመ 100 ሊትር ለ4፣ በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመሠረታዊ አቅርቦት የሚጠቅሰው 20 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ይህ ቤት ከዝቅተኛው ጠርዝ ብዙም አይርቅም። አቃቂ ላይ ይህን ማስላት የተለየ ክብደት አለው፤ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ለአዲስ አበባ ይከፋፈላል።

ለመብራት አንዲት ጥያቄ ብዙ ታወጣለች፦ «እንጀራ የት ይጋገራል?» ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች መብራት አለን ይላሉ፣ ግን አከራዩ ምጣድ ከልክሏቸው እንጀራ በቁጥር ይገዛሉ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይጋግራሉ። ይህን ሳትጠይቁ «100 በመቶ መብራት አለው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ማብሰያውንም በዚያው ያዙ፦ ኤሌክትሪክ፣ ከሰል፣ እንጨት፣ ጋዝ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉም።

ሽንት ቤት ላይ ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው መዝግቡ። ሲሚንቶ የተደረገበት ጉድጓድ ለአንድ ቤተሰብ ሲሆንና ለ8 ቤተሰብ ሲሆን አንድ አይደለም። መቼ እንደተመጠጠ ጠይቁ። «ተመጥጦ አያውቅም» የሚል ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ፍሳሹን ወደ አቃቂ ወንዝ ይለቅ እንደሆነ በዓይን አይታችሁ ጻፉ እንጂ አትጠይቁ፤ የታችኛው ሰፈር በዚያው ወንዝ አትክልት ያጠጣል።

ቤቱን በራሳችሁ ዓይን መዝግቡ። ግድግዳ፦ ጭቃ፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ። ወለል፦ አፈር፣ ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ ፕላስቲክ ምንጣፍ የተነጠፈበት ከሆነ ከሥሩ ያለው። ኮርኒስ፦ የለም፣ ማዳበሪያ ወይም ጨርቅ፣ ቺፑድ። ክፍል ሲቆጠር ማድቤት፣ መጋዘንና ሱቅ አይገቡም። ቆጥ እንደ ተጨማሪ ክፍል አይቆጠርም፤ ቆጥ መኖሩ ግን ይጻፍ፣ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው ክፍል መጣበቡን የሚያሳየው እሱ ነው።

ገቢ ብትጠይቁ ይቀንሱላችኋል። በምትኩ ወጪ ጠይቁ፦ ኪራይ፣ የወር ጤፍ ወይም እንጀራ፣ ትራንስፖርት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። የኪራይን መጠን ከሰፈሩ ደላላ ጠይቆ ማመሳከር ይቻላል።

ቅጹ

ስልክ ላይ ኮቦ ኮሌክት የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ማታ ዋይፋይ ሲገኝ ይልካል። በቅጹ ዝግጅት የቀን ጥያቄውን መልክ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሩ። ይህ ሳይደረግ ግማሹ መዝጋቢ 1985ን በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ አስቦ ያስገባል፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ተደባልቆ ከገባ በኋላ ማንም አይለየውም። ለሰዓትም እንዲሁ በሀበሻ መሆኑን ቅጹ አናት ላይ ጻፉ። ወረቀት የመረጠ ቡድን የግቢና የቤተሰብ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይድገመው፤ ሽቦው የተፈታ ቅጽ ያለ ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ማጣሪያ

ተቆጣጣሪው ከየመዝጋቢው ከ20 ቤት አንዱን በዕጣ አውጥቶ ራሱ ተመልሶ 3 ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ስንት ሰው፣ ታናሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው፣ ውኃ ትናንት ከየት መጣ። የሰው ቁጥሩ ካልገጠመ የዚያ መዝጋቢ ሥራ ሁሉ ይታይ።

የዕድሜውን ጥራት በዊፕል መለኪያ ፈትሹ። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ውሰዱ፣ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ቁጠሩ፣ በ5 አባዙ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 400 ሰው ውስጥ 132ቱ እንደዚያ ከሆኑ 165 ይወጣል። 100 ማለት ወደ 0 ወይም ወደ 5 ማዘንበል የለም ነው፣ 500 ማለት ሁሉም በ0 ወይም በ5 ያበቃል። ከ105 በታች በጣም ትክክል፣ ከ125 እስከ 175 ሻካራ፣ ከ175 በላይ የማይታመን ይባላል። 165 ላይ ያለ ቡድን የአንድ ዓመት ልዩነት ያለው ሰንጠረዥ አያውጣ፤ በ10 ዓመት እርከን ያቅርብ።

ስሌቱ

የጾታ ምጣኔ ወንዱን ለሴቱ አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። በ1999 አዲስ አበባ 1,305,387 ወንድና 1,434,164 ሴት ተቆጥሯል፤ ለ100 ሴት 91 ወንድ ማለት ነው። የእናንተ ሰፈር 125 ካወጣ ወይ የፋብሪካና የግንባታ ወንዶች የሰፈሩበት ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኞችን ረስታችኋል። የዕድሜ ሰንጠረዡ ይለየዋል፤ ከ15 እስከ 24 ያሉ ሴቶች ጎድለው ከታዩ ሁለተኛው ነው።

የጥገኝነት ምጣኔ ከ15 ዓመት በታችና 65 እና ከዚያ በላይ ያሉትን ደምሮ ከ15 እስከ 64 ላሉት አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። የሰርቪስ ተከራዮችንና ነባሮቹን ለየብቻ አስሉት። የተከራዩ ዝቅ ብሎ የነባሩ ከፍ ይላል፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ሁለቱንም የማይመስል መካከለኛ ቁጥር ይወጣል፣ ወረዳው ደግሞ ያንን ይዞ መዋዕለ ሕፃናት ያቅዳል።

ለመጣበብ የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም (ዩኤን ሐቢታት) መለኪያ በአንድ ክፍል ከ3 ሰው በላይ ነው። ከላይ ባየነው ግቢ 16 ሰው ለ8 ክፍል ሲካፈል 2 ይደርሳል፣ ደህና ይመስላል። በዋናው ቤት ግን 7 ሰው በ4 ክፍል ሲሆን 3ቱ ሠራተኞች በ1 ክፍል ናቸው። ስለዚህ በቤተሰብ ደረጃ ካልተሰላ አይሆንም። ክፍል የሚጋሩት ሁለት ሴቶች ሁለት ቤተሰብ ቢሆኑም ክፍሉ አንድ ስለሆነ ለእነሱ 2 ሰው በ1 ክፍል ብላችሁ ያዙ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ብላችሁ ከጻፋችሁ ግቢው የሌለውን ክፍል ታገኙለታላችሁ።

የሕፃናት ሞት መጠን ከአንድ ሰፈር አታውጡ። በዓመት 60 ሕፃናት በሚወለዱበት ቦታ የአንድ ሕፃን ሞት ብቻውን መጠኑን በ1,000 ወደ 17 ይለውጠዋል፤ ዘንድሮ 0፣ ለከርሞ 33 ሊወጣ ይችላል፣ በሰፈሩ የተለወጠ ነገር ሳይኖር። የሞተውን ቁጥር እንዳለ ጻፉ፣ መጠን አታድርጉት።

ሪፖርቱና ወረቀቶቹ

ወረዳ የሚያነበው 4 ገጽ ነው። ካርታ፣ የዕድሜና ጾታ ሰንጠረዥ፣ የውኃ፣ የሽንት ቤትና የመብራት ሰንጠረዥ፣ በመጨረሻም አሠራሩ፦ መነሻ ሌሊቱ፣ የቤተሰብ ትርጓሜ፣ ስንት ቤት እንቢ አለ፣ ስንቱ ተዘግቶ ቀረ። የመጨረሻው ገጽ ከሌለ ባለሙያ ሪፖርቱን አያምነውም፣ ትክክልም ነው። ከ5 ቤተሰብ በታች ያለበትን ማንኛውንም ሳጥን ባዶ አድርጉት፤ «በወንዙ ጥግ 1 ቤተሰብ ሽንት ቤት የለውም» ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የተሞሉ ቅጾች እድር ቤት መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። የግቢ ቁጥር ያለበት ካርታና መልሱ ያለበት ቅጽ በተለያየ ሰው እጅ፣ በተለያየ ቁልፍ ይቀመጡ። መረጃው ገብቶ ከተጣራ በኋላ የወረቀቱን መጥፊያ ቀን በቃለ ጉባኤ ወስኑ፤ የበር ዝርዝሩን ባዶ ቅጽና የሰፈሩን ካርታ ግን አስቀሩ፣ ከ2 ዓመት በኋላ ለሚደገመው ምዝገባ በዚያው ኅዳር፣ በዚያው ትርጓሜ፣ በዚያው ዙር መንገድ ያገለግላሉ።